ጣሪያችን ላይ ጫጩት የፈለፈለችው ባለቆብ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ይላል? ያን ጥርስ አስነቀልሽው ወይስ አሁንም ቀጠሮ እያሳለፍሽ ነው? አውቅሻለሁ፣ አንቺ ሐኪሙን ሳይሆን ወንበሩን ነው የምትፈሪው። አባባንስ ሳሉ ለቀቀው? አክስቴስ እንደ ድሮዋ ሁላችሁንም እየተቆጣች ደህና ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እንዲያውም ወፍሬያለሁ። ቀበቶዬን በምስማር በስቼ አንድ ቀዳዳ ጨምሬለታለሁ፣ በዚህ እንኳ ደስ ይበልሽ።

በባለሱቁ እጅ ያስጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የእጅ ጽሑፉን ሳየው ክው ነው ያልኩት፤ ሁልጊዜ የምትጽፍልሽ ሚጣ ናትና እህቴ ምን ሆና ነው ብዬ። ለካ እሷ እንዳትሰማ ነው! የአዋላጅነት ትምህርት ቤቱ እንደተቀበላት፣ ከተማው ሩቅ እንደሆነ፣ ያለ አንቺ ምርቃት ንቅንቅ አልልም ብላ ሻንጣዋን አልጋ ሥር አድርጋ እንደምትጠብቅ ሁሉንም ተረድቻለሁ። የመጨረሻ ልጄ ናት፣ ቤቱ ባዶ ይሆንብኛል፣ አንተ ታላቋ ነህና ቅሪ ብለህ ጻፍላት ብለሽኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጽፍላት ብዕር አንስቼ ነበር። መሀል ላይ ግን ሥራ ቦታዬ አንድ ጉድ መጣና ሐሳቤን ሁሉ ወሰደው።

አሁን የምንጠግነው ወደቡ አጠገብ ያለ የዓሣ መጋዘን ጣሪያ ነው። እንደ ሜዳ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠጠር ተነስንሶበታል። ያፈስ ስለነበር ጠጠሩን በአካፋ ገለል እናደርጋለን፣ ስንጥቁን በፈላ ሬንጅ እንደፍናለን፣ ከዚያ ጠጠሩን መልሰን እናለብሰዋለን። አለቃችን ፎርማኑ ድምፁ ከመርከብ ጡሩምባ ስለሚበልጥ ነጎድጓድ እንለዋለን፤ እሱ ግን ያከበርነው ይመስለዋል። ዝናብ ሳይገባ ጨርሱ ተብለን ጥድፊያ ላይ ነን። አንድ ጠዋት ጠጠር ስዝቅ የሆነ ነገር አናቴን ጠቅ! አደረገኝ። ቀና ስል ነጭ ነገር እንደገና ተወርውሮ መጣ። አካፋዬን ጥዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ወፍ ናት እማዬ! ብታያት አፍሽን በእጅሽ ትይዣለሽ። ሆዷ ነጭ፣ ጀርባዋ አመድማ፣ ምንቃሯና እግሯ ደም የመሰለ ቀይ፣ ጅራቷ እንደ መቀስ ለሁለት የተከፈለ። አናቷ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋች ስለምትመስል ባለቆብ አልናት። ቆቡን አይተሽ ግን መነኩሲት እንዳትመስልሽ፣ ጠበኝነቷ ለጉድ ነው። ሁለት የዶሮ እንቁላል የማታህል ፍጥረት አምስት ጎረምሳ ከጣሪያ አባረረች። የምትመታው ደግሞ ከሁሉ ከፍ ያለውን አናት ነው፤ ረጅሙ የምንለው ጓደኛችን ፍዳውን አየ። እኛ ውለታ ቢሶቹም እሱን ከፊት እያስቀደምን ከኋላው መሄድ ጀመርን። ረጅሙ አናቱ ላይ ባልዲ ቢደፋ ባልዲውን እንደ ከበሮ ደለቀችው።

የተቆጣችበትን ምክንያት ያገኘሁት አካፋዬን ላነሳ ስመለስ ነው፤ ጠጠሩ መካከል አንድ እንቁላል! ነጠብጣቡም ቀለሙም ቁርጥ ጠጠር። ጎጆ የለ፣ ጭራሮ የለ፣ እንዲሁ ሜዳ ላይ። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ በአካፋዬ ዝቄ ሬንጅ ውስጥ እጨምረው ነበር። መቼም ያንቺ ልጅ ነኝና ዶሮ ስናስታቅፍ ያስተማርሽኝ ትዝ አለኝ። ሣጥን ፈልጌ፣ ጆንያ አንጥፌ፣ ጥላ ሥር አድርጌ እንቁላሉን አመቻቸሁላት። ደግ መሥራቴ ነበር። ባለቆብ ግን ሣጥኔን ዞር ብላም አላየችው፤ ሄዳ ባዶው ጠጠር ላይ፣ ምንም የሌለበትን ታቅፋ ጉብ አለች። ወይ አለማወቅ! እንቁላሉን ወደ ቦታው ስመልሰው መጀመሪያ እጄን አደማችው፣ ከዚያ ታቀፈችው። ጓደኞቼ እስካሁን ባለሣጥኑ ነው የሚሉኝ።

ነጎድጓድ ሲያይ ይጮኻል ብለን ጆሯችንን ያዝን። እሱ ሆዬ በሹክሹክታ ዙሪያውን ሥሩ፣ የአንድ አልጋ ስፋት ተዉላት፣ እዚህ ጣሪያ ላይ የሚጮህ ወዮለት አለን። ከእሱ ሌላ ማን ይጮህና! ወፍ የምታጠና ሴትዮም ፈልጎ አመጣ። ሴትዮዋ ባርኔጣዋ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታ ስትመጣ በሳቅ ፈረስን። ለካ ወፏ እንጨቱን ስትመታ አናት ይተርፋል። በማግሥቱ ሁላችንም እንጨት ሰክተን ዋልን፤ ከታች ሆኖ ያየን ሰው ምን እንዳለ እንጃ።

ሴትዮዋ የነገረችን ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ባለቆብና ዘመዶቿ እዚህ ሰሜን አገር፣ የእናንተ ክረምት የእኛ በጋ በሆነበት፣ ፈልፍለው፣ ብርድ ሲመጣ ተነሥተው የምድርን ወገብ ያቋርጣሉ፤ እስከ ዓለም ታችኛው ጫፍ፣ በረዶ እስከሚንሳፈፍበት ባሕር ይወርዳሉ። ያኔ እዚያ በጋ ነው። እዚያም ሲበርድ ይመለሳሉ። በዓመት ሁለት በጋ ያያሉ ማለት ነው፤ እንደነሱ ረጅም መንገድ የሚሄድ ወፍም የለም አሉ። ሠላሳ ዓመት የሚሞላቸው አሉ፤ ብዙዎቹም በየዓመቱ ወደ ለመዱት ጠጠር ይመለሳሉ። ባለቆብ ስታድን ውሃው ላይ ክንፏን እያርገበገበች አየር ላይ ቀጥ ትላለች፣ ትንሽ ዓሣ ስታይ እንደ ድንጋይ ትወረወራለች። ትንንሹ ዓሣ በጠፋ ዓመት ጫጩት አያድግም። ዘንድሮ ግን ባሕሩ ደግ ነው።

ጫጩቱ ሲፈለፈል ጠጠር እግር አውጥቶ የሄደ ነው የመሰለኝ። ባልና ሚስት ዓሣ እያመላለሱ አሳደጉት፤ አንዳንዴ ዓሣው ከእሱ ይበልጥና ጅራቱ ካፉ እንደወጣ ይተኛል። እንዳይወድቅ የጣሪያውን ዙሪያ በጣውላ አጠርንለት። ባለመጋዘኑ ደመና ባየ ቁጥር ያችን ክፍት ቦታ ድፈኑ ይላል፣ ነጎድጓድ ነገ ይላል፤ ነገ፣ አሁንም ነገ።

ከዚያ አንድ ጠዋት እናቲቱ ዓሣ ይዛ መጣች፣ ግን አልሰጠችውም። ከጣሪያው ጫፍ ባሻገር አየር ላይ ቆማ ትጣራለች። ልጁ ይለምናል፣ ይንጫጫል፣ አንጀት ይበላል። ነጎድጓድ ራሱ ያወጣውን ሕግ ረስቶ ጨካኝ፣ ስጪው እንጂ ብሎ ጮኸባት። እሷ ወይ ፍንክች! ልጁ ጣውላው ላይ ወጣ፣ ክንፉን ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ። ከዚያ ሄደ። ትንሽ ዝቅ አለ፣ ወዲያው ግን አየሩን አገኘው። ነጎድጓድ በደስታ ባርኔጣውን ቢወረውር ባለቆብ መላጣውን ጠቅ አደረገችለት። በቃ፣ እንግዲህ ትታው ትሄዳለች ብዬ ነበር። ሴትዮዋ ግን አይደለም አለችን፤ ከበረረም በኋላ ለሳምንታት ያበሉታል፣ አጠገቡ እየበረሩም መንገዱን ያስጀምሩታል።

ነገር በምሳሌ መሆኑ ነው ብለሽ እየሳቅሽብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ወፍ ነኝ ወይ፣ በምን ክንፌ ልከተላት ትያለሽ። ልክ ነሽ። ሚጣ እስከምትሳፈርበት መኪና ድረስ ግን እግር አለሽ። እኔ ስሄድ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ተኝተሽ ነበር፤ ማልቀስሽን ከትከሻሽ አውቄያለሁ። አልተቀየምኩሽም እማዬ፣ ግን ከብዶኝ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ዓይኔ ላይ የነበረው ጀርባሽ ነው። ሚጣ ፊትሽን አይታ ትሂድ። ቤቱ ባዶ አይሆንብሽም ብዬ አልዋሽሽም፣ ይሆንብሻል። አባባ እየሳለም አክስቴ እየተቆጣችም ባዶ ይሆንብሻል።

አባባን ጉልበቱን ሳሙልኝ፣ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ይጠጣ። አክስቴን ንገሯት፣ እዚህ የሚቆጣኝ አጥቼ ሰነፍኩ፤ ወፏም ልትሄድ ነው። ባለሱቁን ስለ ውብ ጽሑፉ አመስግኑልኝ፣ ምስጢር ሲያስጽፉት ግን ሱቁን ይዝጋ። ለሚጣ ለብቻዋ ሰላምታ አልላክሁም፤ ይህን ደብዳቤ በስሟ የላክሁት አውቄ ነው፣ እስከዚህ ድረስ ያነበበችልሽም እሷ ናት። ቅሪ የሚለውን አልጻፍኩላትም፣ አልጽፍላትምም። ሚጣ፣ በቃሽ፣ ወረቀቱን አስቀምጪና ወደ እናትሽ ጠጋ በዪ። እማዬ፣ እጅሽን አንሺና መርቂያት።

ልጅሽ
ከወደቡ በላይ ካለችው ክፍሌ
ነሐሴ አጋማሽ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ