ለፍሰሃ የታሰረው ሙክት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ ስዩም፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም መኪና ሥር ተኝተህ ትውላለህ? ሂሩትስ፣ ትንሿ ቤተልሔምስ እንዴት ናቸው? እማዬ እንቅልፍ ይወስዳታል? መርሳ ሰላም ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ ውሸት አልችልበትም።

በስልክ ያልነገርኩህ ገና ሲጠራ እማዬ ከእጅህ ስለምትነጥቅህ ነው። ይህን ወረቀት አብራኝ የምትኖረው የቆቦዋ ልጅ ሰምሃር ነገ አገር ስለምትገባ ታደርስልሃለች። እባክህ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

የምሠራላቸው እነማዳም ለልጆቹ ዕረፍት ሉክሶር ሲሄዱ እኔንም ልጆቹን እንድጠብቅ ወሰዱኝ። ደስታዬን አትጠይቀኝ! ወንድማችን ፍሰሃ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ የገባበት፣ ድምፁም የጠፋበት ከተማ ነዋ። ፊቱን ብቻ ልየው እንጂ ጆሮውን ይዤ እማዬ ጋ አስደውለዋለሁ እያልኩ ነበር የሄድኩት።

ከተማውማ ምን ልበልህ። አባይ መሐል ለመሐል ያልፋል፤ ወዲህ ማዶ የጥንት ቤተ መቅደስ፣ ወዲያ ማዶ የነገሥታት መቃብር። ዓምዱን ቀና ብዬ ሳይ ሻሼ ከራሴ ወደቀ። የዓለም ሰው ሁሉ ድንጋይ ያያል፣ እኔ ሞኟ የሰው ፊት አያለሁ። የድንጋይ በግ ግራና ቀኝ የተሰለፈበት መንገድ ላይ ስደርስ ግን እግሬ ተያዘ። ፍሰሃ ተነስቶ የላከልን ፎቶ እዚያ ነው። እዚህ አገር በጉ ሁሉ ድንጋይ ነው፣ አይበላም፣ ለመምጫዬ ሙክት እሰሪልኝ ብሎ እማዬን ሲያስቃት ትዝ ይልሃል? እሷም የምሯን አሰረች። የድንጋዩን በግ ዳበስኩት። ዘበኛው ጮኸብኝ፤ ይጩህ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲተኙ ገበያ ወጣሁ። ቅመም፣ ከርከዴ፣ ሽቶ፣ ትናንት ተጠርቦ የጥንት ነው የሚባል ሐውልት። ፎቶውን ሳሳይ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ሐውልት ግዢኝ ይላል። በመጨረሻ ከርከዴ የሚመዝኑ አንድ ሰው አዩትና በኛው ቋንቋ የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። የሐራ ሰው ናቸው፣ ጋሽ ኡበይደላ ይባላሉ። በደስታ ልፈነዳ! ፍሰሃን ያውቁታል፤ ወንዙን ተሻግሮ ድንጋይ ጠራቢዎች ዘንድ ይሠራ ነበር አሉ። ታዲያ አሁን የት ነው ስላቸው ሚዛኑን አስቀመጡ። ቁጭ በይ፣ መጀመሪያ እህል ቅመሺ አሉኝ። ስበላ ወደኔ አያዩም። ከዚያ ካይሮ ማን አለሽ፣ ዘመድ አለሽ ወይ አሉ። ማንም የለኝም ስላቸው፣ አብሽሪ፣ እሁድ በማለዳ ካገር ሰዎች ጋር ሆነን ቤትሽ ድረስ እንመጣለን አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ሰው ቤት የሚመጣው ምን ሊናገር እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። መርዶ ለብቻዋ ለሆነች ሴት ገበያ መሐል አይነገርም። ደግሜ አልጠየቅኋቸውም፣ አቃተኝ። የምኖርበትን ሰፈር ነግሬያቸው ወጣሁ። ወደ ካይሮ ስንመለስ ባቡር ላይ፣ ታስሮ ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል ስል መጣሁ፤ ግን ለታሰረና ለታመመ ማን ይህን ሁሉ መንገድ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል? ተስፋዬ ተሟጧል። ሰምሃርም ስለምትሄድ እሁድ በሩን የምከፍተው ብቻዬን ነኝ።

ይህን በደብዳቤ መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የሚነገረኝን ብቻዬን መሸከም አልቻልኩም። እስክደውልልህ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ከደወልኩ በኋላ የእማዬን የነፍስ አባትና ጎረቤቱን ይዘህ፣ ሳይነጋ፣ እንደ ወጉ አድርግ። እማዬ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ አደራ።

ሂሩትን በጣም ሰላም በልልኝ። የቤተልሔምን ጉንጭ ሳምልኝ። እትዬ ደብሪቱ ጎረቤታችንን፣ ሰሞኑን ከቤት እንዳይርቁ ለምንልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ከጠየቀችህ ከተማው ትልቅ ነው፣ አዜብ ፈልጋ አልጨረሰችም በላት።

መኖ ተወዷል፣ ሙክቱን እንሽጠው ወይ ብለኸኝ ነበር። አትሽጠው፣ ወንድም ጋሼ። ለተዝካሩ እንፈልገዋለን።

እህትህ አዜብ
ካይሮ፣ ሐሙስ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.