ቢሮዬ መኖሪያ፣ ቤቴ ቢሮ ሆነው ስለመገኘታቸው

ለንግድ ምዝገባና ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የሂሳብ ሥራ ፈቃዴ ከመታገዱ በፊት የንግድ አድራሻዬ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የትንንሽ ነጋዴዎችን የሂሳብ መዝገብ በመያዝ የምተዳደር ስሆን፣ ከመሥሪያ ቤታችሁ በደረሰኝ ደብዳቤ በአሥር ቀን ውስጥ በቂ ምክንያት ካላቀረብኩ ፈቃዴ እንደሚታገድ ተገልጾልኛል። ምክንያቱ በቂ መሆኑን ለክቡርነትዎ ትቼ፣ የሆነውን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሳሎናችን ውስጥ፣ ከምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ባለፈው ሰኔ የመሥሪያ ቤታችሁ ተቆጣጣሪ መጥተው አንድ ፋይል ከመደርደሪያው ሲስቡ የአማቴ ካልሲ አብሮ ወጣ። ከመደርደሪያው ጀርባ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ስለሚያልፍ አማቴ ካልሲያቸውን የሚያደርቁት እዚያ ነው። ተቆጣጣሪው ካልሲውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው «ይህ የየትኛው ደንበኛሽ ሰነድ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «መኖሪያ ቤት ስለሆነ የሥራ ቦታ ለብቻው ይቅረብ» ብለው ጻፉ። ትክክል ስለነበሩ አልተቃወምኩም።

2. በታዘዝኩት መሠረት ከቤታችን አሥራ አንድ ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ቦታ፣ ከአንድ መነጽር ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሰፊ ክፍል ከነመታጠቢያው ተከራየሁ። ጠረጴዛ፣ ወንበርና መደርደሪያ አስገባሁ፤ ማስታወቂያ ሰቀልኩ፤ አድራሻውንም በእናንተው ዘንድ አስመዘገብኩ። እውነቱን ለመናገር ክፍሉን የተከራየሁት ስለታዘዝኩ ብቻ አይደለም። በሬን ዘግቼ፣ ማንም «ያንን ነገር የት አደረግሽው?» ሳይለኝ፣ አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች መደመር አምሮኝ ነበር። ይህ ምኞት በአቤቱታ ላይ የሚጻፍ ባይሆንም የጠቀስኩት ኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

3. በመጀመሪያው ሳምንት ቢሮዬ ማንም አልመጣም። በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው «ደንበኞችሽ ቤት ቁጭ ብለው እየጠበቁሽ ነው» አሉኝ። ሮጬ ስደርስ ልብስ ሰፊው፣ የቀለም መደብሯ ባለቤትና ሌሎች ሁለት ሰዎች ሶፋችን ላይ ደረሰኞቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ለሁሉም አዲሱን አድራሻ ነግሬ ነበር። ልብስ ሰፊው «እሱማ ነግረሽኛል፤ እግሬ ነው አውቆት የመጣው» አለኝ። አስተናግጄያቸው ወደ ቢሮ ስመለስ ባለቤቴ ወንበሬን መስኮቱ ሥር ስበው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

እዚህ ላይ ባለቤቴ ለሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲያሽከረክሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መሆናቸውን መግለጽ ይገባኛል። የቢሮዬ መስኮት ደግሞ አምስት መንገድ የሚገናኝበትን አደባባይ ከላይ ያሳያል። «ተመልከቺው ይሄን ሰውዬ! ፍሬቻ ሳያሳይ ታጠፈ እኮ!» አሉኝ። ከጡረታቸው ወዲህ እንዲህ ነቅተው አይቻቸው አላውቅም። በማግሥቱ ከእኔ ቀድመው ቢሮ ደረሱ። በሦስተኛው ቀን አማቴ ልጃቸውን ፍለጋ መጡና የጠዋቷ ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ ስታርፍ «እፎይ» ብለው ተቀመጡ። በሳምንቱ ትራሳቸው መጣ፤ ከዚያ ፍራሽ፤ ከዚያ ሬዲዮ። እኔ ወደ ጠረጴዛዬ ጥግ፣ ልክ እንደ ድሮው፣ እየተገፋሁ ሄድኩ።

4. መስከረም 27 ቀን ተቆጣጣሪው ቢሮውን ሊያዩ መጡ። እኔ ቤት ካሉት ደንበኞች ዘንድ ነበርኩ። በሩን የከፈቱላቸው ባለቤቴ በፒጃማ ሆነው ሲሆን፣ «ጫማዎን እዚያው ያውልቁልኝ፣ አሁን ነው የተወለወለው» እንዳሏቸው ራሳቸው አልካዱም። አማቴ ተኝተው ነበር። ተቆጣጣሪው በካልሲያቸው ቆመው «መኖሪያ ቤት» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወደ ቀድሞው ቤታችን ተሻገሩ። እኔ በዚያው ደቂቃ ፋይል ላመጣ በሌላ መንገድ ወደ ቢሮ እየሄድኩ ስለነበር ተላለፍን።

ቤታችን ውስጥ ያገኙት ልብስ ሰፊውን ነው። ቁልፉን ከአበባ ማሰሮው ሥር እያወጣ መክፈትና ወረፋ ማስያዝ ከጀመረ ሰነባብቷል። ተቆጣጣሪው ማንነታቸውን ሊናገሩ ሲሉ «ሁሉም የሚለው አለው፤ ተራዎን ይያዙ» ብሎ ስድስተኛ አድርጎ አስቀመጣቸው። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ጠበቁ። እኔ ስገባ ብድግ ብለው «ስድስተኛው እኔ ነኝ» አሉ፤ ከዚያ የመጡበት ጉዳይ ትዝ አላቸውና ፊታቸው ቀላ። ሪፖርታቸው «በሚገባ የተደራጀ የሂሳብ ቢሮ፤ ነዋሪ አልተገኘም፤ ፈቃድ የለውም» ይላል። አንዱም ቃል ሐሰት አይደለም።

5. ነገሩን ለማስተካከል ያልሞከርኩት የለም። ደንበኞቼ ወደ ቢሮ እንዲመጡ ብዬ ቤቱን በአዲስ ቁልፍ ቆለፍኩት፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ ልብስ ሰፊው በርጩማ ይዞ መጥቷል። ቤተሰቤን ወደ ቤት እንዲመለሱ ለመንኩ። አማቴ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ ልጄ፣ እኛ ምን አደረግንሽ?» አሉና ሬዲዮውን ከፍ አደረጉት። ባለቤቴ ግን ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያዞሩ፣ ቀስ ብለው፣ «እዚያ ቤት የሚታየኝ የጎረቤት ግድግዳ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ፋይሎቼን በዘንቢል ይዤ በቤቱና በቢሮው መካከል ካለው የአውቶቡስ ፌርማታ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሠራሁ። ተቆጣጣሪው በዚያ ሲያልፉ አይተውኝ ቆም ሲሉ፣ እሱንም እንዳይመዘግቡብኝ ፈርቼ የመጣው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። የት እንደሚሄድ አላየሁም ነበር። ከመጨረሻው ፌርማታ እስክመለስ ድረስ ግን ለማሰብ በቂ ጊዜ አገኘሁ።

6. ስለዚህ የቀድሞው መኖሪያ ቤታችን የንግድ አድራሻዬ ሆኖ እንዲመዘገብልኝ፣ ከመነጽር ቤቱ በላይ ያለው ክፍልም ከንግድ አድራሻነት እንዲሰረዝልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ክፍሉ መኖሪያችን እንዲሆን አከራዩ መስማማታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዣለሁ። አልጋዎቹንና የወጥ ቤት ዕቃውን ውሳኔዎን ሳልጠብቅ ወደ ክፍሉ ያሻገርኩት የሚጭንልን መኪና በትናንትናው ዕለት ብቻ ስለተገኘ ነው፤ ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትናንት ማታ የመጨረሻውን ደንበኛ ከሸኘሁ በኋላ ባዶው ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች ደመርኩ። ማንም አልጠራኝም። ከዚያ በሩን ቆልፌ አሥራ አንዱን ደቂቃ ተጓዝኩና ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ። ባለቤቴ ከፈቱልኝና ቦርሳዬን ተቀብለው «ሥራ እንዴት ዋለ?» አሉኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ትዳራችን ይህን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ከየትም መጥቼ አላውቅም ነበርና። መልሱን ሳወራላቸው እራታችን ቀዘቀዘ። ክቡርነትዎ ውሳኔ ሲሰጡ ይህንንም ከግምት እንዲያስገቡልኝ እለምናለሁ።

በታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሂሳብ መዝገብ ሠራተኛዋ

ግልባጭ፦
ለተቆጣጣሪው