ስድስቱን ደብዳቤዎች ላኪልኝ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ልጆቹስ? አባታቸውስ ደኅና ነው? እኔ ጤናዬ ደኅና ነው፤ ሌላው ግን አይነሣ። ይህን ስታነቢ ብቻሽን ሁኚ። ወጥ እየሠራሽም አታንብቢው፤ አውቅሻለሁ፣ ታሳርሪያለሽ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ የፍቅር ደራሲዎቻችን መጻሕፍት መደብር ውስጥ መጽሐፋቸው ላይ ይፈርሙ ነበር፤ ሪዛሙና ሴትዮዋ። አዎ፣ እሷው ራሷ! መጽሐፏን ከመሃል ገንጥለን፣ አንቺ የፊቱን እኔ የኋላውን ይዘን ያነበብንላት። አንቺ ገና ሲተዋወቁ እያነበብሽ ስትስቂ፣ እኔ መለያየታቸው ላይ ደርሼ አለቅስ ነበር። ያንኑ መጽሐፍ በመርፌና ክር ሰፍቼ ይዤ ሄድኩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን የራሴን የልብ ወለድ ረቂቅም ይዤ ነበር።

ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። ሪዛሙ ቀና ሳይል ነው የሚፈርመው። እንዲያይልኝ ረቂቄን ከፊቱ ባስቀምጥለት፣ የራሱ መጽሐፍ መስሎት ለውድ አንባቢዬ ብሎ ፈረመበት። ይኸውልሽ፣ የልፋቴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሰው ስም ተጋድሞበታል። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

ሴትዮዋ ግን የመጽሐፉን ስፌት አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስነግራት ከልቧ ሳቀችና ሰዉ እስኪያልቅ ጠብቂኝ አለችኝ። ጠበቅኩ። ከመደርደሪያው አጠገብ ቆማ ከረቂቄ ዐሥር ገጽ ያህል አነበበች። አጻጻፍሽ ንጹሕ ነው፣ የታሪክሽ ሴት ግን ቅጽ የምትሞላ ይመስል ነው የምታፈቅረው አለችኝ። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት ለሠራ ሰው ይህ ይባላል? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወደሽ ለሰው ጽፈሽ አታውቂም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስድስት ደብዳቤ አለኝ የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ለካ የአዳዲስ ጸሐፊዎች መድበል እያዘጋጀች ኖሯል፤ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ነው። እስከ ዐርብ ካመጣሽልኝ አነባቸዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ማተሚያ ቤት ይገባል አለችኝ።

የትኞቹን እንደሆነ ገብቶሻል። ባልሽ ገና ሳያገባሽ በአንቺ ስም የጻፍኩለትን። አንቺ አልጋ ላይ ጋደም ብለሽ ጥፍርሽን እየቀባሽ፣ ናፍቀኸኛል በይው፣ የቀረውን አንቺ ታውቂበታለሽ ትይኝ ነበር። አወቅኩበት። ግልባጭ ግን አላስቀረሁም። ግልባጭ የማታስቀር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እኔን አየሽ!

በቆርቆሮ ሣጥን እንደሚያስቀምጣቸው፣ ስትጣሉም አውጥቶ አንብቦ እንደሚታረቅሽ አንቺው ነግረሽኛል። ስለዚህ የምለምንሽ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢደርስበት ቤትሽ ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ሦስት ጊዜ ይህን ወረቀት ቀድጃለሁ። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ቸግሮኛል። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ያለኝ መጻፍ ነበር፣ እሱም ቅጽ ነው ተባልኩ። በዕድሜዬ ነፍስ ያለው ነገር የጻፍኩት ያኔ ብቻ ከሆነ፣ በሰው ቤት ሣጥን ውስጥ ይቅር? ይህ ካለፈኝ ብዕሬን እሰቅላለሁ። እህቴ፣ እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ።

ይህን የምታደርስልሽ ጎረቤቴ ረቡዕ ትመለሳለች፤ አሽገሽ ለእሷ ስጫት። በአንድ ቀን ገልብጬ እመልሳቸዋለሁ። የሁላችሁንም ስም እለውጣለሁ። እንዴት እንዲህ መጻፍ ቻልሽ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ። ያኔም አልጠየቅሽኝም።

ትዳርሽን ያጽናልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። አንድ ነገር ልለምንሽና ላብቃ። ስትቆጥሪያቸው ሰባት ሆነው ብታገኚያቸው አትደንግጪ። ስድስቱን ላኪልኝ። ቀኗ ከሰርጋችሁ በኋላ የሆነችውን ግን አትክፈቻት፤ እዚያው እሱ ጋ ተያት።

ሁሌም የምትወድሽ
ታላቅ እህትሽ