ሰዓቱ የሰጠኝ ሰባት ዓመት

ጥቅምት 24፣ ከጠዋቱ 3፡10
ዛሬም አልተሳካም። ኳስ ሜዳውን ሦስቴ ዞሬ አራተኛው ላይ ተያዝኩ። ይሄ እጄ ላይ ያሰርኩት ሰዓት የልብህን አቅም እንድነግርህ ሃያ ደቂቃ ሳትቆም ፈጠን ብለህ ተራመድ ይላል። ሰቆጣ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሳይቆም የሚራመድ ማን ነው? ትናንት ቄሱ አገኙኝ፤ መስቀል ሳልሳለም ልለፍ? ዛሬ ደግሞ ጎረቤታችን እማማ ትርፌ። ምን ጠፍቶህ ነው እንዲህ የምትዞረው አሉኝ። ቁልፍ አልኳቸው። ዋሸሁ። ጎንበስ ብለው በኽምጣና ቋንቋ ቅዱሳኑን ሁሉ እየጠሩ ያፋልጉኝ ጀመር። ሩብ ሰዓት ሙሉ የሌለ ቁልፍ ስንፈልግ ቆየን። መ/ቤት አርፍጄ ገባሁ።

ጥቅምት 25፣ 10፡30 ከሰዓት
ስማ ደብተር፣ ይሄን ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። ከክረምት ወዲህ ዳገት ስወጣ ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሌላ የምታውቀው ጅዳ ያለችው እህቴ ካሳዬ ብቻ ናት። ሰዓቱን የላከችው ለዚሁ ነው። አባታችን ከአምደወርቅ ገበያ ሲመለስ ዳገቱ መሃል ትንሽ ልረፍ ብሎ ተቀመጠ። በዚያው ቀረ። አርባ አምስት ዓመቱ ነበር። እኔ አርባ ሦስት ነኝ።

ባለቤቴ ስንዱ አታውቅም። ፊትህ አላማረኝም ብላ ሆስፒታል ወረፋ አስይዛልኛለች፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ነው። ለከብት ክትባት ወደ ሰሃላ ወረዳ ከሚወጡት ውስጥ ስሜ አለ። መንገዱ በእግር ነው፣ ቁልቁለትና ዳገት። የሰው በሬ ሲታመም ገና ከሩቅ አይቼ እናገራለሁ። የራሴን ነገር ግን ፈራሁ። በቃ ፈራሁ።

ጥቅምት 28፣ ንጋት 12፡20
ተሳካ! ሰው ሳይነሳ ወጣሁ። ጋቢ ተከናንቤ፣ ሌባ መስዬ። ውሻ ብቻ ነው የጮኸብኝ። ውጤት፦ 36። ለዕድሜዬ ከአማካይ በላይ! ከአማካይ በላይ፣ ሰማህ? ደረቴም ምንም አላለኝ፤ ሜዳ ስለሆነ ይሁን እንጃ። ተወው፣ ዛሬ አታበላሽብኝ።

1፡00። ለስንዱ አሳየኋት። ወረፋው ይሰረዝ አልኳት። ሰዓቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እግዜር ይመስገን ብላ ምስሯን መልቀም ቀጠለች። እኔ የጠበቅኩት እልልታ ነበር። ከፋኝ።

ኅዳር 2፣ ምሳ ሰዓት
ወይ ጉድ! ክብደቴን ላስተካክል ብዬ ስልኬ ላይ የሰዓቱን መተግበሪያ ከፈትኩ። ዕድሜ 50 ይላል። ማን ነው ሃምሳ? ሁለቴ አየሁት። ከዚያ ገባኝ። የተወለድኩበትን 1975 ብዬ የሞላሁት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እሱ በፈረንጅ አነበበው። ሰባት ዓመት ጨመረልኝ። ያወዳደረኝ ከሃምሳ ዓመት ሰዎች ጋር ነው። እና እኔ በዚህ ውጤት ለመ/ቤቱ ሰው ሁሉ ጉራዬን ስነዛ ሰነበትኩ። አይ አለመታደል!

ላስተካክለው? ምን አስቸኮለኝ። ሃምሳ ዓመት ሆኜ ጤነኛ ብሆን ማን ይከሰኛል? ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፦ ሃምሳ ማለት የአባቴን ዕድሜ ማለፍ ማለት ነው። አምልጫለሁ ማለት ነው። ስልኩን አስቀመጥኩት። አነሳሁት። መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ኅዳር 3፣ 2፡00 ጠዋት
አስተካከልኩት። 36 ያው 36 ነው። ለአርባ ሦስት ዓመት ሰው ግን ከአማካይ በታች።

5፡15። የልብ ምቴን በየአምስት ደቂቃው አያለሁ። ባየሁት ቁጥር ይጨምራል። አውልቄ ጣልኩት። መልሼ አሰርኩት። ልጅ ሆንኩ እኮ!

9፡40። ኃላፊው ጠራኝ። የሰሃላ ጉዞ የሚመጣው ረቡዕ ነው፣ ዝግጁ ነህ ወይ? ዝግጁ ነኝ አልኩት። ምላሴ ይቆረጥ! ምን አጣድፎኝ ነው እንዲህ ፈጥኜ የመለስኩት?

ኅዳር 7፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ
ለስንዱ ነገርኳት። ሁሉንም። ደረቴን፣ የዓመተ ምሕረቱን ስህተት፣ አባቴን። ትጮኽብኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። አልደነገጠችምም።

አውቃለሁ አለችኝ። ከመስከረም ጀምሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዳገቱ ላይ ሦስቴ ጎንበስ ትላለህ፣ የጫማዬን ክር ላስር እያልክ። የእሑድ ጫማህ ክር የለውም አለች። ክር የለውም፣ ደብተር! እኔ ራሴ ልብ አላልኩትም። እንዳታፍር ብዬ እኔም ነጠላዬን እያስተካከልኩ እጠብቅህ ነበር አለችኝ። ስንት እሑድ! ወረፋውንም አልሰረዘችውም። ማክሰኞ ነው።

ወጣሁ፣ ግቢውን ዞርኩ፣ ተመለስኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ አይታ እንዳላየች ሆነች።

ነገ ለኃላፊው ሰሃላ አልሄድም እለዋለሁ። ለምን ካለኝም እነግረዋለሁ። ማክሰኞ ከስንዱ ጋር ሆ/ል እንሄዳለን። በዚያም በኩል ዳገት አለ። ሲደክመኝ ቆሜ፣ ደከመኝ እላታለሁ።