የአባባ ዓይን ምንም አልሆነም

ለውድ እትዬ ማርሊስ፣

ከሁሉ አስቀድሞ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? ክሊንት ከዓሣ ሥራው በደህና ተመለሰ? የልጅ ልጅሽ ጆዲስ ጥርስ አበቀለች? አላስካ በዚህ ወር ዝናብ አያጣውምና ደረትሽን ሸፈን አድርጊ። እኔ ደህና ነኝ። አባባም ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ጠዋት ጠዋት ቲማቲማቸውን ውሃ ያጠጣሉ። ደህና ናቸው ብዬ ልጽፍልሽ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ። ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይተሳሰራል፤ ከዚያ እንደ ልማዴ አንድ ቀልድ ጣል አድርጌ አመልጣለሁ። ወረቀት ላይ ማምለጫ የለም ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ባለፈው ወር ከአባባ ጋር ተሳቢዋን ቤታችንን ይዘን ዊስለር ጋፕ ካምፕ መሄዳችንን ታውቂያለሽ። ያቺው እማማ መጋረጃዋን የሰፋችላት፣ በሯ ሲዘጋ የምታለቃቅሰው ቤት ናት። እማማ ካረፈች ወዲህ ከግቢ ወጥታ አታውቅም ነበር። አባባ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲሰናዱ ከረሙ፤ ጎማ ነፉ፣ ጋዙን ለወጡ፣ መጥበሻውን ሦስት ጊዜ አጠቡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው መሆኑን እሳቸውም እኔም የረሳነው ያን ሳምንት ነው። መንገዱን ሁሉ የነዱት እሳቸው ናቸው። ያንን ጠመዝማዛ አቀበት፣ ያን የሚያህል ቤት ከኋላ እየጎተቱ፣ አንዴ እንኳ ፍሬን ሳያስጮሁ ወጡት። ከተማ ገብተን ነዳጅ ስንሞላ የማደያዋ ሴትዮ፣ "ሀርላን! አሉ እንዴ? እኔ እኮ ለቀብርዎ አበባ ላዋጣ ነበር" ብትላቸው፣ "አበባውን ተይውና በነዳጁ ቀንሺልኝ" ብለው አሳቋት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

የካምፑን ልማድ መቼም አትረሺውም። አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ቀድመው የገቡት ሰዎች ታጣፊ ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ቢራቸውን ይዘው፣ ዘግይቶ የመጣው ተሳቢውን ወደ ኋላ ሲያስገባ ማየት ነው። ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ ካገኙማ ፌሽታ ነው። ክፋት የለበትም፤ እኛም በስንቱ ስቀናል። የደረሰን ቦታ በሁለት ጥዶች መካከል ያለች ጠባብ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለነዳ ሰው ይህ ጨዋታ ነው። እኔ ምልክት ልሰጣቸው ወርጄ ከኋላ ቆምኩ።

"ይምጡ፣ ይምጡ፣ መሪውን ይቁረጡ!" እላለሁ። ጥቂት ገፍተው ቀጥ ይላሉ። ወደ ፊት ወጥተው እንደገና ይጀምራሉ፤ እንደገና ቀጥ። "የት ነው ያለኸው?" ብለው ሲጮሁ፣ "እዚሁ ነኝ፣ ይምጡ እንጂ!" እላለሁ። ስድስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ከባለወንበሮቹ አንዱ ወፍራም ሰውዬ፣ "እኚህ ሰውዬ እንኳን ቤት፣ ኮፍያቸውንም ወደ ኋላ ማዞር አይችሉም!" አለና ሰፈሩን በሳቅ ሞላው። ፊቴ እሳት ሆነ። ወደ መስኮቱ ሄድኩና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አባባ፣ በቃ ይውረዱ፣ እኔ ላስገባው" አልኳቸው። ወርደው ቦታውን ለቀቁልኝና ከኋላ ሄደው ምልክት ሰጡኝ። እኔም በአንድ ግፊት አስገባሁት። አጨበጨቡልኝ፤ እኔ ሞኙ ደግሞ እጄን አውለበለብኩላቸው።

በማግስቱ ማለዳ ቧንቧው ጋ ውሃ ስቀዳ፣ ከጎናችን ያረፉ ኦፓል የሚባሉ የነብራስካ አሮጊት መጥተው አጠገቤ ቆሙ። "ልጄ፣ አትቀየመኝና ትናንት በቀኝ በኩል ጥዱ ሥር ተወሽቀህ ነበር። ተሳቢው ሲታጠፍ እዚያ የቆመ ሰው በስፖኪዮ አይታይም። አንተን ባጡህ ቁጥር ነው የቆሙት። እሳቸው ላንተ ምልክት ሲሰጡ በስፖኪዮህ በሚታዩበት በሾፌሩ በኩል እንደቆሙ አላስተዋልክም?" አሉኝ። ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ አልታወቀኝም። አባባ ላንቺም ለኔም መጀመሪያ ያስተማሩን፣ ምልክት የሚሰጥህ ሰው ከዓይንህ ከጠፋ እግርህን ፍሬን ላይ አድርግ የሚለውን ነው። እኔ የኋላ መስኮቱን ጥዱ እንዳይቧጭረው ብዬ ነበር እዚያ የገባሁት። እሳቸው ልጃቸውን እንዳይደፈጥጡ ስድስት ጊዜ ቆሙ፤ እኔ እንደጃጁ ቆጠርኩት።

እዚያው ሮጬ ሄጄ ብነግራቸው ኖሮ በቁርስ ላይ ተሳስቀንበት ያልፍ ነበር። አልነገርኳቸውም። እሳቸውም የዓሣ ማጥመጃ መቃጥናቸውን ሳይፈቱ "ወደ ቤት እንሂድ" አሉ። እሑድ ደውዬ ያልኩሽን ታስታውሻለሽ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ከዛፍ ጋር ሊያጋጩን ነበር አልኩሽ። ያኔ ሁሉን አውቄ ነበር፣ እትዬ። በዚህ ጸደይ የዓይን ሐኪሙ ደህና ነው እንዳላቸውም አውቅ ነበር። ሰው ፊት ያዋረድኳቸው በከንቱ ነው ከምል፣ ዓይናቸው ደክሟል ማለት ቀለለኝ። አንቺ አልቅሰሽ "ሰው ሳይገድሉ ቁልፉን ውሰድባቸው" አልሽኝ፤ እኔም "ማርሊስ ብላለች" ብዬ ባንቺ ስም ወሰድኩት። በዚህ ያፈርኩትን ያህል በምንም አፍሬ አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ቲማቲማቸው ሥር ተንበርክከው አገኘኋቸውና የቆምኩበትን ቦታ ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ "አውቃለሁ" አሉኝ። "ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም?" ብላቸው፣ "ያ ሁሉ ሰው እያየህ ምን ብዬ ልናገርህ?" አሉና አረማቸውን ቀጠሉ። በስልክ ላንቺ የዋሸሁትን ልነግራቸው ስል ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። አሁንም አንቺ መንዳታቸውን የምትፈሪ ይመስላቸዋል። ትናንት መድኃኒት ቤት ልንሄድ ስንል ቁልፉን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም፤ ፒካፑን ዞረው በቀኝ በር ገቡና ቀበቷቸውን አስረው ጠበቁኝ።

እኔን መቆጣቱ ይደርሳል፤ ይገባኛል። አስቀድመሽ ለሳቸው ደውዪና ውሸቱ የኔ መሆኑን ካንቺ አፍ ይስሙት። እኔ ብነግራቸው አንቺን ለማዳን ያልኩት ነው ብለው አያምኑኝም።

ለክሊንት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ለልጆችሽ ሁሉ በየስማቸው፤ ጆዲን ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባ ደብዳቤ ስጽፍ አይተውኝ፣ ምን እንደምጽፍ ሳይጠይቁ፣ "ማርሊስን ሰላም በላት፤ ከእንግዲህ አልነዳምና ትረጋጋ፣ በኔ ምክንያት እንቅልፍ አትጣ" ብለውሻል።

ወንድምሽ ዌንደል

ማይልስ ሲቲ፣ ሞንታና
ኦገስት 19 ቀን 2023