አጥራችንን ላፈረሱልን ክቡር ኃላፊ

ይድረስ ለደንና የዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ግልባጭ፦ ለሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ደጃችን ድረስ መጥተው ለደከሙት ሠራተኞችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ደኑ ጥግ ባለው የመጨረሻ ቤት የምኖር ጡረተኛ አዋላጅ ስሆን፣ ከባለቤቴ ጋር ደህና ነን፤ ቢያንስ ይህን እስከምጽፍበት ሰዓት ድረስ።

አንደኛ፣ ስለ አጥሩ ላመሰግንዎ ይገባል። አናጢው ባለቤቴ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ የቀረችለት ደስታ ከመስኮታችን ሥር ያለችው የጓሮ አትክልቱ ናት። የደኑ አጋዘኖች ጎመኑን ሲጨርሱበት ሽታው ያባርራቸው ብለን ሳሙና ሰቀልን፤ ከፀጉር አስተካካዩ ፀጉር ለምነን በተንን፤ እነሱ ግን እንደ ቅመም ቆጥረውት ነው መሰለኝ ሰላጣውንም ደገሙት። በመጨረሻ ባለቤቴ በአንድ እጁ እየመታ፣ እኔ ሚስማሩን እየያዝኩለት፣ በሦስት ሳምንት ከቁመቴ በላይ የሆነ የጣውላ አጥር ሠራ። ከዚያ በኋላ አንድም ኮቴ አላለፈም። እርስዎም አጥሩ «የዱር እንስሳትን መተላለፊያ ይዘጋል» ብለው በጻፉት መሠረት፣ ሁለት ሠራተኞችዎ በግማሽ ሰዓት ነቅለው ወሰዱት። ባለቤቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ጣውላው እንዳይሰነጠቅ» ይላቸው ነበር። ስለ ቅልጥፍናቸው ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር አጋዘኖቹ በድንገት ቀሩ። እኔ ሞኟ ተደሰትኩ፤ ባለቤቴ ግን ፊቱ አልፈታ አለ። «እንዲሁ አይቀሩም፤ አንድ ነገር አባሯቸዋል» አለኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ውኃ በጠጣው አፈር ላይ፣ ልክ መስኮታችን ሥር፣ የመዳፌን ያህል የሚሰፋ ዱካ አገኘሁ። የላኩልን ደን ጠባቂ አጎንብሶ አየና «የውሻ ነው፣ እማማ» አለኝ። «ታዲያ ጥፍሩ የታለ?» ብዬ ብጠይቀው ቀና ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ውሻ ሲራመድ ጥፍሩ አፈር ላይ እንደሚታተም ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጎረቤታችን አስተማሪው ጠርቶ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ዛፍ አሳየኝ። ሁለት ሰው ቢደራረብ በማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ግማሽ ጎኑ የተበላ የአጋዘን ግልገል ተንጠልጥሏል። ጽሕፈት ቤትዎ ሄደን ስናመለክት ጸሐፊዋ በመዝገቡ ላይ «በውሻ የደረሰ ጉዳት» ብላ አሰፈረችልን። ዛፍ የሚወጣ ውሻ በግዛትዎ በመገኘቱ እንኳን ደስ አለዎ።

አራተኛውን በቁጥር ማስገባቴን ራሴም እጠራጠራለሁ፤ ቅሬታ ይሁን ፍርሃት አልለየሁትም። ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ባለቤቴ ከመስኮቱ አጠገብ በለሆሳስ ጠራኝ፤ «ነይ፣ ግን ሳትቸኩይ ነይ።» ነፋስ አልነበረም። የባቄላው መደዳ ግን ከወዲያኛው ጫፍ እየተንቀሳቀሰ ወደ እኛ መጣና ቀጥ አለ። ብዙ ቆየን። ባለቤቴ ዓይኑን ሳይነቅል «እኛን እያየን ነው» አለኝ። ከዚያ መዶሻውን እንዳቀብለው ጠየቀኝ። የቁም ሳጥናችንን ሁለት መዝጊያዎች ነቅለን መስኮቱ ላይ ቸነከርናቸው። ቤታችን በቀትር ጨለመ፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ስለ አትክልቱ አንድም ቃል አልተናገረም። መዝጊያዎቹ የማንንም መተላለፊያ እንደማይዘጉ በትሕትና አረጋግጥልዎታለሁ።

ስለ እኛ ብለው እንቅልፍ እንዳያጡ አደራ የምልዎ፣ መመሪያዎን አክባሪ፣ ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣

የአናጢው ሚስት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በእጄ ላስረክብዎ መኖሪያ ቤትዎ ድረስ ብመጣ፣ ግንበኞች ግቢዎን ከቁመቴ እጥፍ በሆነ ግንብ ሲያጥሩ አገኘኋቸው። ምን እንዳይገባ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ አንዱ «እሱን አልነገሩንም፤ ብቻ እስከ ዓርብ ጨርሱ ብለውናል» አለኝ። ውሻ ይህን ያህል እንደሚፈሩ አላውቅም ነበር።