የተደመሰሰችው መስመር

የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሞላሌ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

እታለም፣ ሰላምታዬ ከዚህ ከሞላሌ ውርጭ ተነሥቶ እስከ ሐዋሳ ሙቀት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተወሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ አለን የምልሽ ግን ለልማዱ ነው። አባባ ከኅዳር ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ስልኩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ በስልክ የሚነገር አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ ስጽፍ ስቀድ ከረምኩ። አሁን መንገዱ ተከፍቷል ስለተባለ፣ አብራኝ የምታስተምረው የትምወርቅ ይዛልሽ ትወርዳለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የተጀመረው በመልካም ሐሳብ ነበር። እማማ ካረፈች በኋላ አባባን ግማሽ ጎናቸውን ሲመታቸው፣ ሐኪሙ እጃቸው የለመደውን ሥራ አስነካቸው ብሎኝ ነበር። የእሳቸው እጅ ደግሞ የለመደው እርፍ አይደለም። አዲስ አበባ ይሠሩበት የነበረው መሥሪያ ቤት ቁም ሳጥን የሚያህል ኮምፒዩተር ነበረው። ያን ያህል ገዝፎም ሚኒ ኮምፒዩተር ነበር የሚሉት። ተነቅሎ ከተጣለ በኋላ እንኳ እንደ ሞተ በሬ ሲያነሡት እንደኖሩ አንቺም ታውቂያለሽ።

ለትምህርት ቤታችን በስጦታ ከመጡት መዳፍ የማይሞሉ ኮምፒዩተሮች አንዷን ተዋስኩ። የድሮውን ማሽን ጠባይ ቁልጭ አድርጎ የሚያስመስል ፕሮግራም አለ፤ ኢሙሌተር ይሉታል። ደብረ ብርሃን ሄጄ አወረድኩትና የማሽኑን ዲስክ ቅጂ ጭምር በሚሞሪ ካርድ ይዤ ተመለስኩ። ሳምንት ሙሉ አሳሬን አየሁ። አንዴ አልነሣም ትላለች፣ አንዴ ዲስኩን አላውቀውም ትላለች፣ ልትነሣ ስትል ደግሞ መብራት ይሄዳል። በመጨረሻ በሶላር ባትሪ አስነሥቼ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘኋት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጥቁሩ ላይ አንዲት ነጥብ ብቅ ስትል አባባ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ነጥብ ካወጣች ትእዛዝ እየጠበቀች ነው አሉኝ። ከታመሙ ወዲህ ያን ያህል ቃል አከታትለው አያውቁም ነበር።

ቀን ስትጠይቀኝ የዛሬውን ብሰጣት አልቀበልም አለች፤ የሠሯት ሰዎች የእኛን ዘመን አላሰቡትም። አባባ በደህናው በግራ እጃቸው ኪቦርዱን ሳቡና በፈረንጅ 85 ብለው ጻፉ፤ በእኛ ሰባ ሰባት ማለት ነው። ተቀበለች። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሳ እንደበሉ ይቀመጣሉ። አንዲት መስመር ይጽፋሉ፣ ይደመስሳሉ፣ መልሰው ይጽፋሉ። ጣታቸውን የሚያፍታቱ መስሎኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ከኋላቸው ቆሜ አነበብኩ። በላቲን ፊደል፦ ኮከቤ ኃይለ ኢየሱስ፣ ሴት፣ ዕድሜ ሦስት፣ ግሼ። ማን ናት አልኳቸው። እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡ። ከዚያ እየተኮላተፉ፣ እኔም ለሐጫቸውን እየጠረግሁላቸው፣ ነገሩኝ።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከየመጠለያው የሚመጣውን የሕፃናት መዝገብ ወደ ማሽኑ የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ። ያቺ ልጅ ብቻዋን የተገኘች ናት፤ ሰው የላትም ተብሎ ተጽፎባታል። በዚያው ዓመት መስከረም እማማ የመጀመሪያ ልጇን ቀብራ፣ እህል አልቀምስም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። እማማ ስለቀበረቻት ሕፃን እኔም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ሰኔ ላይ አንድ ሰው ከግሼ በእግሩ አዲስ አበባ ገባ። የልጅቱ አባት ነኝ አለ። አለቃቸው መዝገቡ ውስጥ ፈልግለት ብሎ አዘዛቸው። ሰውየው ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ እያያቸው አባባ መስመሯን ደመሰሱ። ከዚያ ፈለጉ። ከዚያ የለችም የሚል ወረቀት አትመው ሰጡት። ማንበብ አይችልም ነበርና ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው። ዘበኛው ሲያነብለት በሩ ሥር ቁጭ አለ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሲወጣም እዚያው ነበር አሉኝ።

በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮኽሁ። እንዴት አስቻለዎት አልኳቸው። እናትህ እህል መቅመስ ጀምራ ነበር አሉኝ። ልጅቱ የት እንደገባች አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። መስመሯን እንደገና ጻፉና አስቀምጣት አሉኝ። አስቀመጥኳት። በማግስቱ ከአልጋ መነሣት አቃታቸው።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ በግ ገዢ መስዬ ወደ ግሼ ተሻገርኩ። ከራቤል ከተማ በእግሬ ወርጄ፣ ከአንድ ቄስ ጠይቄ፣ አቶ ኃይለ ኢየሱስን አገኘኋቸው። በሕይወት አሉ፤ ሰባውን አልፈዋል። ጠላ አስቀዱልኝ። ልጆች አልዎት ወይ ብላቸው ስድስት አሉኝ አሉ። ጠጄ የምትባለው ምራታቸው ወደ በረቱ ስትወስደኝ አምስት ናቸው አለችኝ፤ ስድስተኛዋን በድርቁ ዘመን ያጧት ናት፣ ሲቆጥሩ ግን አንድም ቀን አጉድለዋት አያውቁም አለች።

በጉ ከእጄ አምልጦ ሲያንከራትተኝ ሽማግሌው ሳቁ። ሲስቁ በግራ መዳፋቸው አፋቸውን ይሸፍኑና አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበር ያደርጋሉ። እታለም፣ እንደዚያ አድርጎ የሚስቅ ሰው በዓለም ላይ አንቺ ብቻ ትመስዪኝ ነበር። በጉን ሳልገዛ ተመለስኩ። ለሽማግሌውም ምንም አልተነፈስኩም፤ ነገሩን የማውጣት ሥልጣን የእኔ አይደለም።

አባባ ሌት ተቀን ስምሽን ይጠራሉ። ይቅር በያቸው አልልሽም፤ አትበያቸውም አልልሽም። ብትመጪ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልሻለሁ። ወደ ግሼም እንሂድ ካልሽ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ቁልቁለቱ እግር ይፈትናልና በትር እይዝልሻለሁ። ዝም ካልሽም ይገባኛል።

የእመብርሃን ጥላ ከአንቺና ከልጆችሽ ራስ ላይ አይነሣ። አምላክ ልብሽን ያጽናው፤ በደኅና ያገናኘን።

ትናንትም፣ ዛሬም፣ ነገም
ወንድምሽ